የሮማን ጭማቂና የእናቴ ግራ እጅ

እናቴ ደም ብዛት እንዳለባት የታወቀው ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሁርሶ ማሠልጠኛ በገባ በሳምንቱ ነው። ሁርሶ ከድሬዳዋ ሩቅ አይደለም፤ ለእሷ ግን የሰማይን ያህል ራቀባት። ሄዶ መጠየቅ አይቻልም፣ ደብዳቤም አይመጣም። አባታችን ምድር ባቡር ሲሠራ ኖሮ ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ ቤት ውስጥ የቀረነው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ግፊቷን ለክተው ክኒን አዘዙላት። «ጨው ቀንሺ፤ ክኒኑን ደግሞ አንድም ቀን እንዳታቋርጪ» አሏት። ክኒኑ ግን እንደ ልብ አይገኝም። መድኃኒት ቤቱ «አልቋል» ሲለን ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ የሚያመጡትን ሴቶች እንለማመጣለን።

በዚህ መሐል ነው ጎረቤታችን ስለ ሮማን የነገረቻት። መጋላ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፤ ቤታችንን ከቤቷ የሚለየው አንድ የጭቃ ግንብ ነው። እናቴን «አባዮ» ነበር የምትላት፣ እህቴ ማለቷ ነው።

«አባዮ፣ ዋላሂ ስሚኝ! የኔ አባት ደሙ ሲበዛ ሮማን ጨምቀን ነበር የምናጠጣው። ስኳር የለ፣ ምን የለ፣ ሮማኑን ብቻ። ደሙን ያበርደዋል።»

በማግስቱ ሮማን ገዛሁ። ፍሬውን ፈልፍዬ በንጹሕ ጨርቅ እየጠቀለልኩ እጨምቀዋለሁ፤ ጣቶቼ እስኪጠቁሩ። እናቴ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች፤ ስለሚኮመጥጣት ፊቷን ታጨማድዳለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትለካ ግፊቷ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምስጋናውን ሁሉ ለሮማኑ ሰጠነው። ክኒኑንም በየቀኑ ስትውጥ እንደ ሰነበተች ማናችንም ልብ አላልንም። እኔማ በገዛ እጄ እያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ክኒኑ እያለቀ መጣ። ይህን ጊዜ እናቴ በየሁለት ቀኑ አደረገችው፤ ቀጥላም ጨርሳ ተወችው። እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ብልቃጡን ስከፍት ሦስት ፍሬ ቀርተዋል፣ ከሳምንት በኋላም ያው ሦስት ናቸው።

«እማዬ፣ ለምን አትውጪም?»

«ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ጭማቂው ይበቃኛል። ዝቅ ብሏል ተባልን እኮ!»

ብልቃጡን ከድኜ ቦታው መለስኩት። ያ አለመከራከሬ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አንድ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። እናቴ ከእንቅልፏ ስትነሣ ጀምሮ ጭንቅላቷን ይዛለች፤ ጆሮዋም ይጮኽባታል። «ቅሪ» ብላት፣ «ስሜ ከቀሪዎቹ ጋር ተጽፎ መዘዙ ሁርሶ ያለው ልጄ ላይ ቢደርስስ?» አለችና ጭማቂዋን ጠጥታ ነጠላዋን አጣፋች።

አዳራሹ ገና በጠዋቱ እንደ ምድጃ ይግላል። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ቆሟል፤ ስብሰባው ሳያልቅ መውጣት የለም። ጎረቤታችን ከፊታችን ባለው ረድፍ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግሩን ጨርሶ መፈክር ሲያስጀምር ሁላችንም ተነሥተን ግራ እጃችንን ወደ ላይ ወረወርን። የእናቴ እጅ ብቻ አልተነሣም።

ሊቀመንበሩ አያት።

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት እናት! እጅ!»

እናቴ እጇን ቁልቁል ተመለከተችው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም።

«እምቢ ማለትዎ ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እምቢ አላለችም!» አልኩ። «አሟታል! እጇ አልታዘዝ ብሏት ነው!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩ የሚለውን ይጠብቃል። ጎረቤታችን ግን ዞር ብላ የእናቴን ፊት አየች። የከንፈሯ ግራ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። አግዳሚውን ተሻግራ መጣችና በብብቷ ሥር ገብታ ደገፈቻት።

«አቦ፣ ሰው እየሞተ ነው! መፈክሩ ኋላ ይደርሳል!»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ዘመን ያሳስራል። አብዮት ጠባቂው ወደ እኛ መራመድ ጀመረ። ሊቀመንበሩ በእጁ አስቆመው፤ ከመድረኩ ወርዶ መጣና እናቴን ቀርቦ አያት። ለረጅም ጊዜ ያያት መሰለኝ።

«አውጧት» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በጋሪ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ግፊቷን ለክቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ክኒኗን ትወስዳለች?»

«ትታዋለች። ሮማን እየጨመቅኩ አጠጣት ነበር።»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። «ሮማኑ አልጎዳትም» አለኝ። «ምናልባት ግፊቱን ጥቂት ያግዝ ይሆናል። የክኒኑን ሥራ ግን አይሠራላትም። በፊት የወረደላት ክኒኑን ስለምትውጥ ነው፤ ስትተወው ተመልሶ ወጣ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውን ደም ሥርም ጎዳው።»

ጎረቤታችን ከኋላዬ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በሻሿ ፊቷን ሸፍና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። «እኔ ነኝ የገደልኳት» ትላለች ደጋግማ።

የእናቴ አንደበት በአራተኛው ቀን ተፈታ። ጎረቤታችን በየቀኑ እየመጣች አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች እንጂ ቀና ብላ አታያትም ነበር። እናቴ በተጎተተ ድምፅ ጠራቻት።

«አንቺ ጠጪ አልሽኝ እንጂ ክኒኑን ተዪ አላልሽኝም። የተውኩት እኔ ነኝ።»

ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ጎረቤታችን ከጅቡቲ በሚመጡት ሴቶች በኩል ክኒን እንዲጎድልብን አላደረገችም። ሮማኑንም አልተውነው፤ እናቴ ግን መጀመሪያ ክኒኗን ካልዋጠች ብርጭቆውን አልሰጣትም ነበር።

ወንድሜ ወደ ሰሜን ከመላኩ በፊት የአንድ ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። የሆነውን ሁሉ የሰማው ያን ቀን ነው። እናቴ ግራ እጇ ገና አልጠናላትም፤ ቢሆንም ትከሻዬን ይዛ በእግሯ እስከ አውራ ጎዳናው ሸኘችው። አምስት ዓመት ጠበቀችው። ሲመለስም በሕይወት ነበረች።