በቃል የሚያዝ ልክ

በፈላና በር ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ የራሱ ሸሚዝ ኮሌታው ያለቀ ነው። ልክ አይጽፍም፤ እያጉተመተመ በቃሉ ይይዛል። ኮት ሊሰፋልኝ ትከሻዬን ለክቶ ገና ወደ ጨርቁ ሲዞር ስልኩ ጠራ። የታመመች ሚስቱን የምትጠብቀው ጎረቤት ነበረች። ስለ ኪኒን ተናግሮ ዘጋና «ይቅርታ ጌታዬ፣ ልክዎ ጠፋብኝ» ብሎ ሜትሩን እንደገና ዘረጋ። ከጨርቄ ለመስረቅ የሚያዘናጋኝ ተንኮል መሰለኝ። ለክቶ ሲያበቃ ዓይኑን ጨፍኖ ቁጥሩን ደጋገመ፤ ጨርቁንም ያለ ስሕተት ቆረጠው። መቀሱን እንዳስቀመጠ ግን ፊቱ ተለወጠ። መልሶ ደወለ፤ ጎረቤቲቱ አላነሣችም።

«ጌታዬ፣ ቅድም ስጫት ያልኳት ቀዩን ነው ነጩን? ነጩ ዛሬ ከተደገመ ልቧን ያደክመዋል» አለኝ።

እኔ ስጠብቅ የነበረው ጨርቄን እንጂ እርሱ በስልክ ያላትን ቃል አልነበረም።