ሲሚንቶ የጎረሰው ሣጥን

እንኳን ደስ ያላችሁ! ሰውየው ዛሬም ቤቱ ገባ፤ ነገም ይገባል። ማን አትሉም? ስብሐት ነዋ! የቁስቋሙ ጎረቤታችን፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስብሐት ሲሄድ አላየሁትም፤ ሲጎተት ነው ያየሁት። መሥሪያ ቤታቸው ዓምና፣ በሰባ ዘጠኝ፣ ኮምፒውተር ገብቶለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፓወር ሳፕላዩ፣ ማለቴ የመብራቱን ኃይል መጥኖ ኮምፒውተሩን የሚያጎርሰው የቆርቆሮ ሣጥን፣ ተቃጠለ። የግዥ ክፍሉ ጓድ ነገራ ከአንድ ነጋዴ ሦስት ምትክ ሣጥን አመጣ። የታወቀ ፋብሪካ ስም ተለጥፎባቸዋል፤ ቀለሙ ግን ሲነኩት ጣት ላይ ይቀራል።

ስብሐት በዕቃ መረከቢያው ቅጽ፣ በሞዴል 19 ላይ «ተረክቤአለሁ» ብሎ ካልፈረመ ዕቃው አይገባም። ፈርሞ ቢቃጠል ደግሞ ተጠያቂው እሱ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ኃላፊ ሳያይ ፈርሞ፣ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ እስር ቤት እንደገባ አልወጣም።

«ፈርም እንጂ!» ይለዋል ነገራ በየማለዳው። «አንሣው እስቲ፣ እጅህን አይሰብርም? ውሸት ዕቃ ቀላል ነው። ይኼ መዳብ ነው።»

«ይፈተሽ ብያለሁ።»

«ሥራ አስቁመሃል፣ ጓድ ስብሐት። ይኼም አሻጥር ነው፣ እወቀው!»

እንግዲህ ፍረዱ። ቢፈርም እስር፣ ባይፈርም እስር። ማታ ሲገባ ከነጫማው መደቡ ላይ ጋደም ይላል። ሚስቱ አፀደ «ብላ እንጂ» ስትለው፣ «ማኘኩ ደከመኝ» አላት።

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ተጠራ፤ ነገራም የጥገናው ሰዎችም ተሰብስበዋል። ስብሐት አንዱን ሣጥን አንሥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ስብሐት የሸማኔ ልጅ ነው። ጋቢ ክብደት እንዲጨምር በዱቄት ሙቅ ተነክሮ ሲደርቅ፣ ሙቁ ወርዶ አንድ ጠርዝ ላይ እንደሚጋገር ገና በልጅነቱ ያውቃል። ሣጥኑም መዳፉ ላይ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ» አለ በዚያ በዛለ ድምፁ፣ «እኛ ሰፈር ጋቢ ከበደ ብለን አንገዛም፣ አጥበን ነው የምናየው። ይኼ አይታጠብም። ይከፈት።»

«ሸማኔ ኮምፒውተር ሊያስተምረን!» አለ ነገራ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

የጥገና ሠራተኛው ሸፊ ግን ብሎኑን ፈታ። ክዳኑ ሲነሣ፣ ከሥር በአንድ ጎን የተለሰነ ሲሚንቶ! ሽቦው የፀጉር ያህል ቀጥኗል፤ ፊውዝ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

«ይኼን ብንሰካው» አለ ሸፊ፣ «የሚነደው ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም።»

የሳቀው ሁሉ ሊያይ ተጠጋ። የቀሩት ሁለቱም ተከፈቱ፤ ያው ሲሚንቶ። ሥራ አስኪያጁ ዕቃው ይመለስ፣ ነጋዴው ይጠየቅ፣ ስብሐት በደንብ ሠርቷል ብሎ በቃለ ጉባኤ አስጻፈ። በቃ!

ወሬውን ከአፀደ ሰምቼ እልል እያልኩ ብገባ፣ እሱ ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ደስ አይልህም እንዴ?»

«ደክሞኛል፣ እቴ» አለኝ። «ሰኞ ሌላ ሣጥን ያመጣሉ። እሱንም ‹ክፈቱ› ማለት አለብኝ።»

እሱ ይረፍ! እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። እህቱ ሠርካዲስ «ወንድሜን ሊያስሩብኝ ነው» እያለች ሽሮ ሜዳ ሱቋ ውስጥ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው፤ እስካሁን የነገራት የለም። ውይይት ታክሲው እየሞላ ነው፣ ነጠላዬን መንገድ ላይ እለብሳለሁ፣ ሄድኩ!