ተቀባይ አይጫንም

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የመደቤ ስም «የአየር መንገደኞች አቀባበልና ስምሪት ከፍተኛ ባለሙያ» ይባላል። ከፍተኛ የተባልኩት በሥሬ ማንም ስላልነበረ ይመስለኛል። ከበላዬ ሥራ አስኪያጁ፣ ከጎኔ ሾፌሩ፣ ከበታቼ የአውቶቡሱ ወለል ነበር።

ሥራው ለመናገር ቀላል ነው። አውሮፕላኑ ሹምሸሃ ሜዳ ላይ ያርፋል፣ ከተማው ላሊበላ ከላይ ተራራው ላይ ነው። በመካከል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት መንገደኛው በትራንስፖርት ማኅበራችን አውቶቡስ ይወጣል። እኔ ትኬት አያለሁ፣ ሻንጣ አስጭናለሁ፣ ሰው አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ በድምፅ ማጉያ ስለ አካባቢው ገለጻ እሰጣለሁ። ድምፄ ያለ ማጉያ ከሁለተኛው ወንበር አያልፍም። በማጉያም ቢሆን ሦስተኛው ላይ ይደክማል።

አውቶቡሱ መለስተኛ ነው። በጎኑ ላይ በትልቁ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ አገልግሎት» ተብሎ ተጽፎበታል። በሩ ግን ከውጭ በጡጫ ካልተመታ አይዘጋም።

ሾፌሩ ጋሽ እንድሪስ የወልድያ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረዋል። «ሲሚንቶ ይሻል ነበር» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ሲሚንቶ ‹እዚህ ጋ አውርደኝ› አይልም።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ምናሴ መመሪያውን የሰጡኝ ቆመው ነው። «የእኛ ደንበኛ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ነው። እሱን ብቻ ትጭኛለሽ። ተቀባይ አይጫንም። ደረጃችን ይወርዳል።»

እሺ አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በጎብኚዎች እንቅስቃሴ ላይ ነበር። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ መንገደኛ ማለት ሻንጣ የሚጎትት አንድ ሰው ነው። ብቻውን ይመጣል፣ ብቻውን ይሄዳል። ላስታ ውስጥ ተወልጄ አድጌ ይህን እንዴት እንደጻፍኩ አላውቅም። አማካሪዬም ጥሩ ውጤት ሰጥተውኛል።

በዚያው ሰኞ ከአውሮፕላኑ የወረደው ትኬት ያለው ደንበኛዬ አንድ መምህር ነበር። አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና ሄዶ መመለሱ ነው። አባቱ፣ እናቱ፣ አማቾቹ፣ የክርስትና አባቱ፣ ጎረቤቶቹ ሊቀበሉት መጥተዋል። በእሱ እጅ የላከው መልእክት መድረሱን ለማወቅ ብቻ የመጣ ሰውም ነበር። ሁሉም መምህሩን ተራ በተራ ሳሙት፣ ቀጥሎም ተራ በተራ አውቶቡሱ ላይ ወጡ።

«ይቅርታ፣ ተቀባይ አይጫንም» አልኩ።

ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። «ምን አልሽ፣ ልጄ?»

ደገምኩላቸው።

«ብቻውን ይግባ ነው የምትይ?» አሉና ወደ ኋላ ዞረው ለሌሎቹ አሰሙ። «ሬሳ እንኳ ብቻውን አይገባም! እንኳን ይሄ በደኅና የመጣው!»

አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ጋሽ እንድሪስ ሞተሩን አስነሡ። «ተቀመጪ፣ ልጄ። አብሽሪ። የመጀመሪያ ቀንሽ ነው።»

ገለጻውን ግን አልተውኩም፤ ታዝዣለሁና። ማጉያዬን ይዤ ስለ ቤተ ክርስቲያናቱ ማስረዳት ጀመርኩ። የምነግራቸው ሰዎች እዚያው ክርስትና ተነሥተው፣ እዚያው ተክሊል ደርሶላቸው፣ እዚያው ዘመዶቻቸውን የቀበሩ ናቸው። ከኋላ አንዲት ሴት፦ «ኧረ ገነተ ማርያምን ዘለልሻት!» ብላ ጮኸች። ይቅርታ ጠይቄ ጨመርኳት። «እሰይ፣ አሁን ሞላ» አለች።

ሥራውን እንዲህ እያልኩ ለመድኩት። በመንገድ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት በታየ ቁጥር ተሳፋሪው ብድግ ይላል። ጋሽ እንድሪስ ሙስሊም ናቸው፤ ቦታዎቹን ግን ከእኔ በፊት ያውቋቸዋል። «ተሳለሙ፣ ፍሬን ይዣለሁ» ይላሉ። አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ለምን በየጊዜው እንደምንቆም ጠየቀኝ። የቴክኒክ ፍተሻ ነው ማለት ቃጣኝ፤ እውነቱን ነገርኩት። እሱም ተነሥቶ አብሮ ጎንበስ አለ።

የራሴን አሠራር አበጀሁ። መጀመሪያ ትኬት ያለው ይቀመጣል። ቀጥሎ በቀረው ወንበር ተቀባዩ፣ ከሁሉም በፊት ሽማግሌና እመጫት። በሽተኛ ካለ የኋላው ረጅም ወንበር የእሱ ነው። አቶ ምናሴ ወሬው ሲደርሳቸው ስለ ደረጃ ያስታውሱኛል። እሺ እላለሁ። እሳቸው በአውቶቡሱ ተሳፍረው አያውቁም።

ሁለት ዓመት ከሠራን በኋላ አገልግሎቱ ሊመረቅ ነው ተባለ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የልዑካን ቡድን በአውሮፕላን ይመጣል፣ በአውቶቡሳችን ፊት ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ልዑካኑ ተሳፍረው ወደ ከተማ ይወጣሉ። በየብስ ቀድመው የመጡት የራሳቸው መኪኖች ባዶአቸውን ከኋላ ይከተላሉ።

ጋሽ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተጋብተን፣ ወልደን፣ አሁን ሽማግሌ ሊላክልን ነው?»

በዕለቱ አውቶቡሱ ታጥቦ፣ ባዶውን፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመ። ከፊት ለፊቱ ባነር የሚወጠርባቸው ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ተተከሉ። እንግዶቹ በሰዓቱ ደረሱ። ባነሩ ግን አልደረሰም። ከተማ፣ ማተሚያ ቤቱ ዘንድ ተረስቷል። አቶ ምናሴ ባነሩን የሚያመጣ መኪና ሰደዱና ልዑካኑን ለስላሳ ወደሚጠጡበት አዳራሽ አስገቡ።

በዚሁ አውሮፕላን ወይዘሮ ስንዱ መጡ። ከገነተ ማርያም ወዲያ ካለ መንደር ናቸው። አዲስ አበባ ሆዳቸው ተቀዶ መመለሳቸው ነው። ወንድማቸው አያ ካሳውና የመንደሩ ሰው ሌሊት ተነሥተው በእግር ወርደው ዛፉ ሥር ይጠብቁ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ በሁለት ሰው ተደግፈው ሲወጡ ተቀባዮቹ ፊታቸውን አይተው እልልታውን ተዉት።

«ስፌቱ ገና አልጠገገም» አሉኝ አያ ካሳው። «በአይሱዙና በባጃጅ እንዳትጫን ተብላለች። ይንጣታል። ዛሬውኑ ላሊበላ ሆስፒታል ገብታ ቁስሏ ይታይ ተብሏል። ያንቺው መኪና ነው የሚያደርሰን።»

የሆቴሎቹ ሚኒባሶች እንግዶቻቸውን ጭነው ሄደዋል። ሹምሸሃ ሜዳ ላይ ሰው የሚያስተኛ መኪና የእኔው ብቻ ነበር። ወደ አቶ ምናሴ ሄድኩ።

«በሽተኛ አለች። ትኬትም አላት» አልኩ።

«ከምርቃቱ በኋላ ትሄዳለቻ።»

«ፀሐይ ላይ ናት።»

«ጥላ ሥር አስቀምጧት። ስንት ጊዜ ታማ ስትታገሥ ኖራ ዛሬ አንድ ሰዓት መታገሥ አቃታት?» ስልካቸውን አዩ። «ባነሩ መንገድ ላይ ነው።»

ተመለስኩ። ጠበቅን። ባነሩ አሁንም መንገድ ላይ ነበር። አያ ካሳው ራሳቸው ሄደው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለመኑ። «ጌታው፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እርስዎም እኅት ይኖርዎታል።»

አቶ ምናሴ ወደ አያ ካሳው ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ። «ተቀባዮቹን ከመኪናው አርቂልኝ። በፎቶው ውስጥ ይገባሉ።»

ከዛፉ ሥር ስደርስ ወይዘሮ ስንዱ ላብ አጥምቋቸው ወንድማቸው ጉልበት ላይ ጋደም ብለዋል። በነጠላቸው ላይ፣ ከእምብርታቸው በታች፣ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቷል። እሳቸው አላዩትም። ሴቶቹ አይተው በሌላ ነጠላ ሸፈኑት።

እኔ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። በዚያ ቀንም አልጮህኩም። አያ ካሳው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ጠየቅኳቸው። «መጀመሪያ ሲያማቸው ከመንደር እንዴት አወጣችኋቸው?»

«በቃሬዛ ነዋ።»

«እንግዲያውስ» አልኩና ባነር የሚጠብቁትን ሁለት እንጨቶች አየሁ። አያ ካሳውም አዩአቸው።

በላስታ የቃሬዛ ደንብ የታወቀ ነው። በሽተኛ በቃሬዛ ተይዞ ሲያልፍ ያየ ሰው ማን እንደታመመ አይጠይቅም። የሚያርሰውም በሬውን ያቆማል፣ በበቅሎ ያለውም ይወርዳል፣ ትከሻውን ያገባል፣ ጥቂት ተሸክሞ ለሌላ ያቀብላል። ቃሬዛ አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ስሙ ገበያ ላይ ይነሣል፤ ልጁን የሚያገባለትም ያጣል።

እንጨቶቹን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጥልቅ አልተተከሉም ነበር፤ እንደ ምርቃቱ ነበሩ።

ወንዶቹ ጋቢ በእንጨቶቹ ላይ አስረው ወይዘሮ ስንዱን አስተኟቸው፣ አነሡ። «ቃሬዛ! አግዙ!» ሲባል ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ጋሪያቸውን ጥለው መጡ። የበሩ ዘበኛ ዱላውን ለጓደኛው ሰጥቶ ገባ። የልዑካኑ ሾፌሮች ከመኪኖቻቸው ወርደው ገቡ። ጋሽ እንድሪስም መሪያቸውን ትተው ወረዱ። መኪና ማቆሚያው ላይ የቀሩት አቶ ምናሴና ዓለም አቀፍ ደረጃቸው ብቻ ነበሩ።

ጩኸቱን ሰምተው ልዑካኑ ከአዳራሹ ወጡ። የቡድኑ መሪ ደልደል ያሉ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው ናቸው። ቃሬዛ የሚታወቅባት የወገል ጤና ከተማ ልጅ መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ቃሬዛውን ሲያዩ ኮታቸውን አውልቀው አጠገባቸው ለነበሩት ለአቶ ምናሴ አስያዙና አንዱን ተሸካሚ ተክተው ከእንጨቱ ሥር ገቡ። እርምጃቸው ወዲያው ከሌሎቹ ጋር ገጠመ። ይሄ ሥልጠና የሚሰጥበት ነገር አይደለም።

«ወዴት ነው?» አሉ እየተራመዱ።

«ላሊበላ፣ ሆስፒታል፣ ጌታዬ» አሉ ከፊት የያዙት አያ ካሳው።

«በእግር? ይሄን ሁሉ ዳገት? መኪና ጠፋ እንዴ?»

አያ ካሳው አልዞሩም። «ኧረ መኪናስ አለ። ጨርቅ እየጠበቀ ነው።»

ቃሬዛው ቆመ። መሪው አውቶቡሱን አዩ፣ ከዚያ ኮታቸውን የያዙትን አቶ ምናሴን አዩ።

«የምን ጨርቅ?»

ጋሽ እንድሪስ መልሱን ሳይጠብቁ ሮጠው ሞተሩን አስነሡ። ወይዘሮ ስንዱን የኋላው ወንበር ላይ አስተኛናቸው። ተቀባዩ ሁሉ ወጣ፣ መሪው ወጡ፣ እኔ ወጣሁ። በሩ እንቢ ሲል አቶ ምናሴ ከውጭ ሆነው በገዛ ጡጫቸው መቱት። የኋላ መስታወት ውስጥ ሳያቸው ኮቱ አሁንም ክንዳቸው ላይ ነበር።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ባነሩን ይዞ ከሚወርደው መኪና ጋር ተላለፍን። ጋሽ እንድሪስ ጥሩምባ ነፉለት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ነጠላውን ገልጦ አየና ሁላችንንም አስወጣን። በረንዳው ላይ ቆመን ጠበቅን። መሪውም አብረውን ቆሙ፤ ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ጠቁሯል። ሐኪሙ ሲወጣ፣ ስፌቱ ከአንድ ጎን መልቀቁን፣ መልሶ መስፋቱን ነገረን። «ትተርፋለች። ሜዳው ላይ ብትቆዩ ግን ሌላ ወሬ ነበር የምነግራችሁ። ክሩ እስኪወጣ ከአልጋ አትነሣም።» እልልታው ያን ጊዜ መጣ። ነርሷ ዝም አሰኘቻቸው።

ሲመሽ አቶ ምናሴ ደወሉ። ልባረር ነው ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። ድምፃቸው ግን ደስተኛ ነው። መሪው ቃሬዛ ተሸክመው የተነሡት ፎቶ በየስልኩ እየዞረ ነው። ማኅበራችንም ከሥሩ «ለሕሙማን የምንሰጠው ሰብአዊ አገልግሎት» ብሎ ለጥፎታል። ብዙ ሰው አመስግኗል።

«አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል» አሉ። «ባነሩ በፎቶው ውስጥ የለም። ነገ ጠዋት ሴትዮዋን ለአምስት ደቂቃ አምጫት። ቃሬዛውንም። አውቶቡሱ ፊት ለፊት እንደገና እናነሣታለን።»

እሺ ማለት ልማዴ ነው። በዚያ ምሽት ግን እሺ ሳልል ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ከተማ ውስጥ ከሚነሣበት ቦታ ስደርስ ባነሩ በሁለት አዳዲስ እንጨቶች ላይ ተወጥሮ፣ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደግኖ፣ አቶ ምናሴ ከረባት አስረው ቆመዋል። አውቶቡሱ ውስጥ አውሮፕላን የሚሳፈሩ ሰዎችና ሸኚዎቻቸው ተቀምጠዋል።

«ሴትዮዋስ?» አሉ።

«ተኝታለች።»

«ሂጂና ቀስቅሻታ።»

«አልቀሰቅሳትም» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። ከዚያ ባነሩን ከእንጨቶቹ ፈታሁ፤ አውቶቡሱ ሊወጣ የሚችለው በእንጨቶቹ መካከል ብቻ ነበር። አጥፌ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸውና ተሳፈርኩ። ለጋሽ እንድሪስ እንሂድ አልኳቸው። ሄድን።

በዚህ ሥራ አዲስ ለምትቀጠሩ፦ መኪና የሚቆመው ሰው ለመጫን ነው፣ የሚነሣው ሰው ለማድረስ ነው። በሌላ ምክንያት አታቁሙት።