ድርቤን የተጫወተችው ሃሊሞ

ሃሊሞ ዋርሳን ሰው ማሳቅ የጀመረችው ሳታስበው ነው። አባቷ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አስቀምጦ ልብስ የሚሰፋ ሶማሌ ነበር፤ እናቷ ደግሞ ከዋሂል የመጣች ኦሮሞ። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ለኪነት ቡድኑ ወጣቶች ሲመለምል እሷንም ወሰዳትና ከዘማሪዎቹ ኋላ አቆማት። አንድ ቀን እህል ደባቂ ነጋዴን በሚያሳይ ቲያትር ላይ ከረጢት ተሸክማ እንድታልፍ ታዘዘች። ሥራዋ ይኸው ብቻ ነበር። ከረጢቱ ግን መሃል መድረክ ላይ ተቀደደና ውስጡ የተጠቀጠቀው ገለባ ተዘረገፈ። ሃሊሞ በድንጋጤ የእናቷን ኦሮምኛ፣ የአባቷን ሶማልኛና የሰፈሩን አማርኛ እየቀላቀለች ከረጢቱን ትራገመው ጀመር። አዳራሹ በሳቅ አበደ። ነጋዴው ተረሳ፣ አብዮቱም ለትንሽ ጊዜ ተረሳ።

በዚያ ሳቅ መሃል አንድ ሰው አይስቅም ነበር። ግሩም ይባላል፤ የከዚራ ሰፈር ልጅ፣ ቀን ቀን ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ የቡድኑ ዋና ተዋናይ። ግሩም ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ልጅቷን በትኩረት ያያት ነበር። ስትወጣ ጠብቆ፣

«አንቺ፣ ነገም እንዲህ ልትራገሚ ትችያለሽ?» አላት።

«ከረጢቱ ከተቀደደ» አለችው።

የመድረኩ ጥንዶች እንዲህ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የፈጠሩትን ጨዋታ ድሬ ውስጥ ያላየ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ሃሊሞ ድርቤ የምትባል ኮንትሮባንዲስት ሆነች፤ ከጅቡቲ በባቡር የምታመጣውን ጨርቅ ሁሉ በላይ በላዩ ደርባ የምትለብስ ሴት። ደወሌ ላይ ቀጭን ሆና ትሳፈራለች፣ አይሻ ላይ ትወፍራለች፣ አዲጋላ ላይ በበሩ አልገባ ትላለች፣ ሽንሌ ስትደርስ ሁለት ሰው ይገፋታል። ግሩም ደግሞ ትኬት ተቆጣጣሪው ነው። ዓይኑ አያይም፣ አለማየቱን ግን ቢሞትም አያምንም። ከሻንጣ ጋር ይጨባበጣል፣ ፍየል ትኬት ይጠይቃል። በባቡሩ መስመር ባሉ ጣቢያዎች ሁሉ ዞሩ፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ግቢ፣ በሲሚንቶ ፋብሪካው ግቢ፣ ሐረርና ጅግጅጋ ሳይቀር ተጫወቱ። ሃሊሞ መስመር ሲጠፋባት ግሩም ዓይኑ ያላየ መስሎ ይጋጫትና በጆሮዋ ይነግራታል። መድረክ ላይ አንድም ቀን ብቻዋን ትቷት አያውቅም።

ባሏ አብዲራሺድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ዘመዶቹ «ሚስትህን ከመድረክ አውርዳት» ሲሉት፣ «እሷን አገር ሁሉ ያውቃታል፣ እኔን የሚያውቀኝ ትራፊክ ብቻ ነው፤ ማን ማንን ያውርድ?» ይላቸው ነበር።

የቪዲዮ ፊልም ሲመጣ ድርቤም ፊልም ሆነች። ሥራው የተቀረጸው በአንድ ካሜራ፣ ድሬ ለገሃር ላይ ነው። ፊናንሶች፣ የጉምሩክ ጠባቂዎቹ፣ ድርቤን ይዘው የደረበችውን አንድ በአንድ ሲያስወልቋት፣ ክምሩ ከራሷ ቁመት ሲበልጥ፣ በመጨረሻም በስስ የውስጥ ልብስ አንዲት ቀጭን ሴት ስትቀር ሰው ወንበር ይደበድብ ነበር። ፊልሙ በየቪዲዮ ቤቱ ታየ። ሃሊሞ ቀፊራ ገበያ ስትገባ ነጋዴው ሁሉ «ድርቤ፣ ዛሬስ ስንት ደርበሻል?» እያለ ይከተላት ጀመር። ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቀን ግን ልጇ ሚክዳድ ሸሚዙ ተቀዶ ከትምህርት ቤት መጣ።

«ሆዮ፣ እናትህን በውስጥ ልብሷ አየናት አሉኝ» አላት። እናቱን በሶማልኛ ሆዮ ነው የሚላት።

ሃሊሞ መጀመሪያ ሳቀች። ልጁ እንደማይስቅ ያየችው ዘግይታ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ነበር፤ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀን በኋላ መድረክ አልወጣችም። ለግሩም «ደከመኝ» አለችው። እሱም ከሷ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ያለ ድርቤ የተቆጣጣሪው መታወር አላስቅ አለ።

ዓመታት አለፉ። አብዲራሺድ ሞተ። ሚክዳድ ታይዋን ገበያ ሱቅ ከፈተ፣ ተሳካለት፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት ሠራና እናቱን ወሰዳት። የድሮ ፎቶዎቿ ከመጋላው ቤት ሲወጡ አዲሱ ቤት አልገቡም፤ የት እንደደረሱ እሷም አልጠየቀች። ቀስ በቀስ የልጇ ሃፍረት የሷ ሆነ። አረማመዷን ሳይቀር ቀየረች፤ ድርቤ ዳሌዋን እያወዛወዘች ነበርና የምትሄደው፣ ሃሊሞ ቀጥ ብላ መሄድ ለመደች። ሰው መሃል ተቀምጣ አንድ የሚያስቅ ነገር ምላሷ ላይ ሲመጣ አፏን በሻሿ ጫፍ ትይዛለች። ግሩምንም ቢሆን እሷ ከዚራ ሄዳ ትጠይቀዋለች እንጂ ሳቢያን ና ብላው አታውቅም። እሱም ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጇን፣ የሚክዳድን ልጅ ኑርሀንን፣ ለጋብቻ ሊጠይቁ የጅግጅጋ ሰዎች መጡ። የተከበሩ ነጋዴዎች ናቸው። ግቢው ውስጥ በኒም ዛፉ ጥላ ሥር ምንጣፍና ወንበር ተደርድሮ፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀመጡ። የሙሽራው እናት ፋርሂያ ከሃሊሞ ጎን ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ጥያቄ የማታበዛ ሴት። ነገሩ ሁሉ ባማረበት ሰዓት ከውጭ በሩ በኩል አንድ ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«ትኬት! ትኬት ያልቆረጠ ከአዲጋላ በፊት ይውረድ!»

ግሩም ነበር። ከዘራውን ይዞ፣ ያረጀች ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ ገባ። እንግዳ መኖሩን ከመግባቱ በፊት አላወቀም።

«ድርቤ! አንቺ ኮንትሮባንዲስት! የት ተደበቅሽ?» አለና እጁን ዘርግቶ ወደ እሷ መጣ።

ወንዶቹ ንግግራቸውን አቋረጡ። ፋርሂያ ወደ ሃሊሞ ዘንበል ብላ፣ «እኚህን ሽማግሌ ታውቂያቸዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሃሊሞ ልጇን አየችው። ሚክዳድ መሬት መሬት ያያል፤ አንገቱ ቀልቷል። ያኔ ግድግዳ ፊት የቆመው ልጅ ድቅን አለባት።

«አላውቃቸውም» አለች። «ቤት ተሳስተው ይሆናል።»

የግሩም እጅ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወረደ። ሃሊሞ ዓይኑን ማየት አቃታት፤ የሚያደርገውን ግን አየች። ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ፣ አንገቱን አሰገገ፣ ዓይኑን አጨናበሰ። ከዘራው መሬቱን መፈለግ ጀመረ። በአንድ አፍታ ዓይኑ የማያይ፣ መንገድ የጠፋው የጃጀ ሽማግሌ ሆነ።

«ይሄ የነባርኸድ ቤት አይደለም እንዴ?» አለ። ዞር ሲል ከኒሙ ግንድ ጋር ተጋጨ። ኮፍያውን አውልቆ ለዛፉ እጅ ነሳና፣ «ይቅርታ እመቤቴ፣ አላየሁዎትም» አለ።

እንግዶቹ ሳቁ። «ምስኪን» አለች አንዲት ሴት። ሚክዳድ ተነሥቶ ክንዱን ይዞ እስከ በሩ ሸኘው። ሃሊሞ እዚያው ተቀምጣ ሳቁን ሰማች። በዚያ ግቢ ውስጥ ሥራው ምን ያህል ጥሩ እንደነበረ የገባት ሰው እሷ ብቻ ነበረች። አሁንም መስመር ሲጠፋባት ደርሶላታል። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ።

እንግዶቹ ሊሄዱ ሲነሡ ፋርሂያ ሃሊሞን ለብቻዋ ያዘቻት።

«አበዮ» አለቻት ዝቅ ብላ፣ በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ተማሪ ሳለሁ ጅግጅጋ መጥታችሁ ነበር። እናቴ ይዛን ሄዳ እስክናለቅስ ሳቅን። ልጄ የድርቤ ቤት ነው ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። እሳቸውንም ገና በር ላይ ሲጮኹ ነው ያወቅኳቸው። የጠየቅኩሽ፣ አዎ ስትዪኝ ልሰማ ነበር።»

ፋርሂያ መልስ አልጠበቀችም፤ ጉንጯን ስማት ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ከዚራ ሄደች። በሩን የከፈተችላት የግሩም እህት አስካለማርያም ናት።

«ትናንት ከየት እንደመጣ አልነገረኝም» አለቻት። «ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ምን ሆንክ ስለው 'ሰዎቹ ሳቁ' አለኝ። ሌላ ነገር አልወጣውም።»

ግሩም ውስጥ ነበር። ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አላት።

ሃሊሞ የቀለደ መሰላት። ድሬ ውስጥ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተና አንቺ ነው፤ እርስዎ የሚባለው ዳኛ ነው፣ ወይም ከደጋ የመጣ እንግዳ። ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

«አቦ ግሩም፣ ተው! ከፈለግክ ስደበኝ፣ እርስዎ ግን አትበለኝ።»

«እርስዎ ነዎት የጀመሩት» አላት። «'አላውቃቸውም' አሉ። 'አላውቀውም' ቢሉ ይሻለኝ ነበር። አላውቀውም የሚባለው የተኮረፈ ሰው ነው። አላውቃቸውም የሚባለው ግን የምር የማይታወቅ ሰው ነው።»

ሃሊሞ አንገቷን ደፋች። ልጄ ብዬ ነው ልትል ፈልጋ ተወችው፤ ለራሷም አላሳመናትም። ግሩም ትናንት የመጣበትን ነገራት። ወጣት ኮሜዲያኖች በሚመጣው እሑድ ከሰዓት የድሮዎቹን ሊያመሰግኑ አዳራሽ ይዘዋል። ድርቤና ተቆጣጣሪው አንድ ትንሽ ነገር ቢያሳዩን ብለው ለምነዋል። ስልክ ከመደወል ራሱ ሄዶ ሊያበስራት ፈልጎ ነበር።

«አብረን እንወጣለን» አለችው።

«እኔ ትናንት ሠርቻለሁ» አላት። «ይሂዱ እርስዎ።»

ቤቷ ስትመለስ ለሚክዳድ እሑድ እንደምትወጣ ነገረችው። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን፣ «በር ላይ ስሸኘው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አላት። «'እንኳን ደስ አለህ ልጄ፤ ኑርሀንን ሳምልኝ' አለኝ። ሆዮ፣ እጄ ክንዱ ላይ ነበር። ግባ ማለት አቃተኝ።»

«እኔ ያልኩትን አንተ አላልክም» አለችው ሃሊሞ።

«አንቺ ያልሽው እኔን አይተሽ ነው።»

እሑድ መኪናውን አስነሥቶ የወሰዳት እሱ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አብዛኛው ወጣት ነው፤ ድርቤን የሚያውቃት ቲክቶክ ላይ በተለቀቀችው የልብስ ማውለቅ የፊልም ቁራጭ ነው። የመድረኩ መሪ ኢፍራህ የምትባል ልጅ ስሟን ስትጠራ ፉጨቱ ጣሪያ ነካ። ሃሊሞ ወጣች። ከጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

«ግሩም የት አለ ትሉ ይሆናል» ብላ ጀመረች። «ባለፈው ሰሞን ቤቴ መጣ። እንግዳ ነበረኝ። 'ታውቂያቸዋለሽ?' ሲሉኝ 'አላውቃቸውም' አልኩ።»

አዳራሹ ሳቀ።

«እሱም ዛፍ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።»

ሳቁ ባሰ። ሃሊሞ ደነገጠች። ከዚያ እጇ ወገቧ ላይ መሆኑን አየች፤ ዳሌዋ በራሱ ጊዜ ወደ ጎን ወጥቷል፣ ድምጿም የድርቤ ሆኗል። ንስሐዋን በድርቤ አፍ እየተናገረች ነበር። እንዲህ ያለ ሃፍረት በሕይወቷ ተሰምቷት አያውቅም። እጇን አወረደች። ቀጥ ብላ ቆመችና ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ወሰደ። የመጨረሻው ሳቂ ብቻውን መቅረቱን አውቆ ዝም አለ።

«ቀልድ አይደለም» አለች ያኔ። «እኔ ሃሊሞ ነኝ። እናንተ የምትስቁባትን ድርቤን ግማሹን የሠራው እሱ ነው። በድርቤ አፍርኩ፤ ሳፍር ደግሞ እሱን ካድኩት። ክጄው እንኳ ሰው ፊት እንዳልዋረድ ራሱን አዋረደልኝ። በሕይወት አለ፣ ከዚራ ነው። ማመስገን ከፈለጋችሁ እሱን አመስግኑ።»

ጭብጨባ ሳትጠብቅ ወረደች። ከኋላ በር አጠገብ ሚክዳድ ቆሞ ነበር፤ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብሏት ነበር።

ንግግሯን ሰው በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው፤ አስካለማርያም ለወንድሟ አሳየችው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሃሊሞ ስልክ ጠራ።

«ዝም ብለሽ የቆምሽበት ጥሩ ነው» አላት ግሩም፣ ሰላም እንኳ ሳይላት። «ዛፉን ግን ባታስገቢው ይሻል ነበር። እሱ የኔ ነው።»

«የአንተ ነው» አለችው። ስልኩን ዘግታ በሻሿ አፏን ሳይሆን ዓይኗን ያዘች።

ኑርሀን ስትዳር ግሩም በክብር ተጠራ። ሃሊሞ ክንዱን ይዛ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረች፣ «ግሩም ይባላል፤ የሥራ ጓደኛዬ ነው» እያለች ከሁሉም አስተዋወቀችው። ፋርሂያ እጁን ሳመችው። አንዳንዱ ትንሽ ነገር እንዲያሳዩ ለመነ፤ ግሩም እግሬን ያመኛል ብሎ ተቀመጠ። እሷም አላስገደደችውም።

አሁን ሳቢያን እየመጣ ይጠይቃታል። ሳይደውል ግን አይመጣም። እንደ ማንኛውም እንግዳ በሩን በጣቱ አንኳኩቶ ዝም ብሎ ይቆማል። አንድ ቀን «ለምን እንደ ድሮው 'ትኬት!' ብለህ አትጣራም?» ብላ ጠየቀችው። «ጉሮሮዬ ደክሟል» አላት፣ ፈገግ ብሎ። ሃሊሞ ያ በር በተንኳኳ ቁጥር ፊቷ አሁንም ይቀላል። ቢሆንም ማንም እንዲከፍትለት አትልክም፤ ራሷ ሄዳ ትከፍትለታለች።