ለፀሐይ መብራት የተመረጠው ማሳ

አዲስ ቅዳም ከተማ፣ በወረዳው የኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ስሠራ፣ ለአንድ የገጠር ቀበሌ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሚተከልበትን ቦታ የመረጥሁት እኔ ነኝ። ከጤና ኬላው ጀርባ ያለ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የማይለየው ማሳ ነው። የማሳው ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ምትክ መሬት ይሰጥዎታል ሲባሉ ተስማሙ። እኔም በቅጹ ላይ መሬቱ ባዶ ነው ብዬ ፈረምሁ።

ከዚያ ገንዘብ ይፈለግ ጀመር። ዞኑ ከተማ እንጅባራ ለስብሰባ በተጠራሁ ቁጥር የማውቀው ቀንሶ ነበር የምመለሰው። አንዴ ብድር ነው ይባላል፣ አንዴ ድጋፍ፤ አንዴ ኅብረተሰቡ ያዋጣ፣ ሌላ ጊዜ ማንም እንዳያዋጣ። ዕቅዱን ስንቴ እንደገና እንደጻፍሁት ጠፍቶኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጭብ ነበር እንጂ ምን እንደጸደቀ አይገባኝም ነበር።

በአራተኛው ዓመት ገንዘቡ ተገኘና ቦታውን በሳምንት ውስጥ አረጋግጥ ተባልሁ። ሄድሁ። ማሳው ጠፋኝ። ጤና ኬላውን ሁለት ጊዜ ዞርሁት። ባዶ ብዬ የፈረምሁበት መሬት ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎበታል። የእኛ አገር ሰው መሬት ጦም ሲያድር ማየት አይሆንለትም፤ ሴትዮዋ እኛን ቢጠብቁ ቢጠብቁ ስንቀርባቸው ተክለውታል። ለከሰል ሊደርስ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶታል። ባዶ ተብሎ ለተመዘገበ መሬት ደግሞ የዛፍ ካሳ አይከፈልም።

በማን እንደምናደድ ግራ ገባኝ። በሳቸው እንዳልናደድ ያዘገየናቸው እኛ ነን። ዛፉን አይቁረጡት እንዳልል የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሲመሽ በስልኳ ብርሃን ቁስል ታጥባለች።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። የዓመት ተስፋቸው እሱ ብቻ መሆኑን፣ ለጤና ኬላው ሲሉ ግን ሳይደርስም ቢሆን እንደሚያስቆርጡት ነገሩኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፦

«ብቻ ልጄ፣ ብቆርጠው መብራቱ በርግጥ ይመጣል?»

ይመጣል ልል አፌን ከፈትሁ። ያ ሁሉ ስብሰባ ትዝ አለኝ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ይቆይ» አሉ።

ያየሁትን እንዳለ ጻፍሁ። ገንዘቡ ወደ ሌላ ቀበሌ ዞረ፤ እዚያ ዓመት ሳይሞላ መብራት በራ። አላውቅም በማለቴ ልኩራ ወይስ ልፈር፣ ዛሬም አልለየሁትም።

በቀደም ሴትዮዋን ገበያ አገኘኋቸው። ዛፉ ደርሶ፣ ከሰል ሆኖ ተሸጦላቸዋል። ደስ አለኝ። ዘንድሮም ችግኝ አስገብተው እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ለእኔ አዝነው እንዳላስገቡ ነገሩኝ።

«ያን ቀን እንዲያ ስትጨነቅ አይቼህ፣ ዳግመኛ እንዳትቸገር ብዬ ማሳውን ባዶውን ተውሁት። የእኛ መብራት መቼ ነው ልጄ?»

ቀበሌያቸው በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ የለም።

«ይመጣል» አልኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።