ሁሉም ያለፈው ልጅ

ልጅ እያለሁ በቤታችን ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ቴሌቪዥኑ ነበር። ኦክላንድ፣ ከሌክ ሜሪት ሐይቅ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ መኝታ ቤትና አንዲት ጠባብ ሳሎን ይዘን እየኖርን፣ አባዬ ግድግዳውን የሚያክል ቴሌቪዥን ገዝቶ መጣ። ሶፋው ቦታ አጥቶ መስኮቱ ሥር ተሸጎጠ። ሰኔ ላይ መስኮቱ ሲከፈት የሐይቁ ሽታ፣ የረጋ ውሃና የዝይ ኩስ፣ ከአባዬ የሥራ ጃኬት ናፍጣ ጋር ተደባልቆ ያውደናል። ዛሬም ናፍጣ ሲሸተኝ የቅርጫት ኳስ ትዝ ይለኛል፤ ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

አባዬ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። የሥራ ጓደኛው ጋሽ ደምሴም ሾፌር ነበሩ፤ በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ጨዋታ ባለ ቁጥር ልጃቸውን ናሆምን አስከትለው ከች ይላሉ። ናሆም በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ እዚሁ ነው የተወለደው። አማርኛ ይሰማል፣ አፉን ሲከፍት ግን እንግሊዝኛ ነው። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበርኩ፤ እሱን ለመምሰል የማላደርገው ነገር አልነበረም።

እማዬ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ገና አምስት ወሯ ነበር። ዲቪ ለአባዬ ሲደርሰው አያቴ በጠና ታማ ስለነበር፣ እማዬ እናቴን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀረች፤ እኔና አባዬ ቀድመን መጣን። ለጥቂት ወር ነው የተባለው፣ የቪዛው ጊዜ አልፎ፣ ወረቀቱ እንደ አዲስ ተጀምሮ፣ አራት ዓመት ፈጀ። አራት ዓመት በልጅ ዕድሜ ብዙ ነው። በስልክ የማውቃት እናቴ በአካል ስትመጣ እንዴት እንደምሆንላት ጠፋኝ። በአማርኛ ስትጠይቀኝ በእንግሊዝኛ እመልስላታለሁ፣ ያውም በአጭሩ። እሷ አትቆጣም። አለመቆጣቷ ደግሞ ይብስ ያናድደኝ ነበር።

ታዲያ አንድ የሰኔ ቀን ከሰዓት በኋላ ድራፍት ለማየት ተሰበሰብን። ድራፍት ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ቀን ነው። ዓመቱን በደህና የጨረሰ ቡድን ተራው ወደ ኋላ ይሆናል፤ የእኛም፣ የኦክላንዱ ቡድን፣ የሚመርጠው ከመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ገደማ ነበር። የሳሎናችን ሰዎች የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቁመት። ጋሽ ደምሴ አንድ ረጅም ልጅ ዓይናቸው ገብቶ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ክንዱ ርዝመት ሲያወሩ ከረሙ። በጸሎት ርዕስ ሳያስገቡትም አልቀሩ።

እማዬ እጇን እያደራረቀች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሱ ወጣቶች ከቤተሰቦቻቸው ጋር በየጠረጴዛው ተቀምጠዋል። ምን እየጠበቁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስማቸው እስኪጠራ ነው አልኳት፣ ዓይኔን እንኳ ሳላነሳ፣ በእንግሊዝኛ። "ያልተጠራውስ?" አለችኝ።

እሷም የሶፋው ክንድ ላይ ቁጭ አለች። ለእሷ ነገሩ ኳስ አልነበረም፤ ኤምባሲ ነበር። ደህና ልብስ ለብሶ፣ እጅን ጭን ላይ አድርጎ፣ ስም ሲጠራ ጆሮን አቁሞ መጠበቅ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ ቀምሳዋለች። ወዲያው የራሷን ሰው መረጠች። ቡናማ ሙሉ ልብስ የለበሰ ቀጭን ልጅ ነው፤ እናቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ አጠገቡ ተቀምጣለች። በዙሪያቸው ያሉት ጠረጴዛዎች እየተጠሩ እየተነሱ ባዶ ቀሩ። ካሜራው ወደ ልጁ በዞረ ቁጥር እማዬ "ጌታ ሆይ፣ የዚህንስ?" ትላለች። ጉልበቱ ታሟል ተብሎ ነው ሁሉም የሚያልፈው። ናሆም እሷን አይቶ ወደ እኔ ሲዞር እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

የእኛ ተራ ደረሰ። ረጅሙ ልጅ አሁንም አልተወሰደም! ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ተነሱ፤ አባዬ ከሶፋው ጫፍ ደረሰ። ስም ተጠራ። የተነሳው ባለ ቡናማው ልጅ ነበር።

ለቅሶ ቤት የገባን መሰለ። አባዬ ጭኑን መታ። ናሆም ኮፍያውን ወርውሮ፣ ተራችንን አባከኑት እያለ በእንግሊዝኛ ጮኸ። ጋሽ ደምሴ እንደ መድከም ብለው ተቀመጡና "ሰው ሁሉ ያለፈውን እኛ እናንሳ?" አሉ። በዚህ መሃል ነው እልልታው የቀለጠው። እማዬ ቆማለች፤ እንባዋ ይወርዳል፤ እልል ትላለች። ቴሌቪዥኑ ላይ የልጁ እናት ቦርሳዋ ከእጇ ወድቆ ልጇ አንገት ላይ ተጠምጥማለች።

መጀመሪያ ሁሉም ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። ናሆም፣ እናትሽ ምን እየሆነ እንዳለ ገብቷታል እንዴ አለኝ፣ በእንግሊዝኛ። እኔም ሳቅሁ። ምንም አታውቅም አልኩት። የተናገርኩት በእንግሊዝኛ ቢሆንም ያችን ለምታህል ቃል የአምስት ወር እንግሊዝኛ አያንስም። እማዬ ሰማችኝ።

እኔን አላየችኝም። ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረች።

"ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ እሁድ ቆመው ሲመሰክሩ፣ ሰው ሁሉ ሲያልፈኝ ጌታ አላለፈኝም ይላሉ። እኛም አሜን እንላለን። ታዲያ ይሄ ልጅ ምን በደለ?"

"እህት አስቴር፣ ይሄ እኮ ኳስ ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

"ይሁና። እኔም ልክ እንደሱ ነው የተቀመጥኩት። ስሜ ሲጠራ እልል የሚልልኝ አልነበረም። ኤርፖርት ስደርስ እንኳ ልጄ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ፣ እንደ እንግዳ።"

እውነቷን ነው። ጨብጫታለሁ። አባዬ ሂጂ፣ እቀፊያት ሲለኝ እንኳ እጄን ነው የዘረጋሁት። እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ ማለቷን አላወቅሁም ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ እፍረት ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። ናሆም ግን ገና ሳቁን አልጨረሰም።

"ናሆም፣ እናቴ ካንተ የበለጠ ገብቷታል" አልኩት፣ በአማርኛ። "ከኔም።"

ምላሴ እየተሳሰረ ነው የወጣው፤ ግድ አልሰጠኝም። ተነስቼ እማዬ አጠገብ ሄድኩ። ማቀፉን ገና አልቻልኩበትም፤ እሷ ስትቀመጥ ጎኗ ውስጥ ተሸጉጬ ተቀመጥኩና እስኪያልቅ ድረስ አልተነሳሁም። ሻሿ የሽንኩርት ሽታ ነበረው።

ከዚያ ወዲያ ልጁ የእኔና የእማዬ ሆነ። ወንዶቹ የተበላሸ መኪና እንኳ በእሱ ስም ነበር የሚጠሩት፤ እኛ ሁለታችን ግን በአንድ አፍ እንከራከርለታለን። እሷ በአማርኛ ትጀምራለች፣ እኔ በአማርኛ እጨርሳለሁ። ለሦስት ደቂቃ ሜዳ ከገባ እማዬ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትላለች፤ ጋሽ ደምሴ "የዚህ እንቁላል ጉልበቱ ታሟል" ብለው ይመልሳሉ። እውነቱን ለመናገር ኮከብ አልሆነም። ጥቂት ዓመት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወደ ሌላ ቡድን ተሸኘ። አላልናችሁም ወይ አሉን። እኔ እስከ ዛሬ አላመንኩላቸውም። ስንት ሺህ ልጅ ኳስ ሲያነጥር አድጎ እሱ ተጠርቷል፤ እናቱ ፊት ተጠርቷል። ከዚህ በላይ ምን ዕዳ ነበረበት?

አሁን የምኖረው ሳን ሆዜ ነው፤ ሥራዬ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል። ቡድኑም ኦክላንድን ትቶ ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ከተማ ተሻገረ፤ እኔ ተቀይሜም ደጋፊው ነኝ። ያኔ በአንዲት ሳሎን ፊት ለፊት እየተያየን ነበር የምንጣላው፤ ክፉ የተናገረ ሰው የሚመልስለት አጠገቡ አለ። አሁን የተመረጠ ልጅ የቡድኑን ኮፍያ ሳያጠልቅ በየስልኩ ተፈርዶበት ያልቃል፣ ፈራጁም አይታይም። ባለፈው ሰኔ ቡድናችን እንደገና ከዙሩ መጨረሻ ላይ ማንም ያልፈለገውን አንድ ልጅ መረጠ። የሁለት ልጆች አባት የሆነው ናሆም በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "ሁ ኢዝ ዚስ?" ብሎ ለጠፈ፤ ሌላውም እየተከተለ አማረረ። እኔ አንድ ገጽ የሚሞላ መልስ ጻፍኩላቸውና ኦክላንድ ላለችው እማዬ ደወልኩ።

አንድ ልጅ መረጥን፣ ሰዉ ሁሉ ተናዷል አልኳት። ስለ ቁመቱም ስለ ጉልበቱም አልጠየቀችኝም።

"እናቱ አብራው ነበረች?"

"ነበረች፣ እማዬ።"

"በቃ፣ ይናደዱ።"