ለ«አይሆንም» የከፈልኩት

ሰው ጤፍ ገዝቶ እንክርዳድ ቢያገኝበት ይመልሳል። ጫማ ገዝቶ ቢጠበው፣ ተጨቃጭቆም ቢሆን ይቀይራል። መኪናው ካልተነሳ የሚኒባስ ረዳት እንኳ እየተነጫነጨ ሒሳብሽን ይመልስልሻል። የቪዛ ገንዘብ ግን አይመለስም። ቢፈቀድልሽም ባይፈቀድልሽም፣ አንድ ሰዓት ቢያነጋግሩሽም ግማሽ ደቂቃ፣ የከፈልሽው በቃ ሄደ። ይህንንም ድረ ገጻቸው ላይ በደማቁ ጽፈውታል። ደብቀውት ቢሆን ኖሮ ሌቦች እላቸው ነበር፤ በግልጽ ስለጻፉት ግን ምን ብዬ እንደምሰድባቸው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ያኔ አሰላ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ከአባዬ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን የምንኖረው። አባዬ ሲሬ በኩል ትንሽ መሬት አለችው፤ በእኩል ያሳርሳታል። አንድ ዓመት ስንዴው በሙሉ ዋግ መትቶት ቀይ አቧራ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሁለተኛ ዲግሪዬን በስንዴ በሽታ ላይ ለመማር ሦስት ዓመት ሙሉ ውጭ አገር ማመልከቻ ስጽፍ ኖርኩ። በሦስተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ። የአገሩን ስም አልጠራም፤ እነሱም የእኔን ስም አንድ ቀን በትክክል ጠርተውት አያውቁም።

ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ ቀለቡን፣ የአውሮፕላኑን ሳይቀር እኔ እችላለሁ አለ። የራስሽ የሆኑት ለአገሩ መንግሥት የሚከፈሉት ሁለት ክፍያዎች ብቻ ናቸው አለኝ። አንደኛው የውጭ ተማሪ ተብዬ የምመዘገብበት ነው፤ እሱ በኢንተርኔት፣ በዶላር፣ በካርድ ካልሆነ አይከፈልም። ሁለተኛው የቪዛው ቃለ መጠይቅ ነው፤ እሱ አዲስ አበባ ባንክ ገብቶ በብር ይከፈላል። የመጀመሪያው ካልተከፈለ ሁለተኛው ከንቱ ነው። ዕድሉ ደግሞ የዚያን ዓመት ብቻ ነው። በመስከረም ክፍል ካልተገኘሽ ቦታሽ ለተጠባባቂ ይሰጣል ብለው ቁርጡን ጽፈውልኛል።

አባዬ ስንዴውን ሸጠ፤ ብሩ ተገኘ። ብር ተገኘ ማለት ግን ዶላር ተገኘ ማለት አይደለም። ባንክ ሄድኩና ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ላለችው ልጅ አስረዳኋት።

«የትምህርት ክፍያ ነው?» አለችኝ።

«ወደ ትምህርቱ የሚያስገባኝ ክፍያ ነው።»

«የትምህርት ቢሆን ዶላር ይፈቀድልሽ ነበር። ይሄ የመንግሥት ክፍያ ነው። ከሚያስከፍልሽ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጪ።»

«የሚያስከፍለኝ እኮ የሰው አገር መንግሥት ነው!»

«እሱም ቢሆን ደብዳቤ ይጻፍ።»

ኧረ በሕግ አምላክ! የሰው አገር መንግሥት ቁጭ ብሎ ለአሰላ ቅርንጫፍ «ለጉዳዩ ባለቤት ትብብር ይደረግላት» ብሎ ማኅተም ሊመታልኝ? ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ትሁት ሰው ነው፣ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ውጭ የሚሠራ ካርድ ሊመጣ ነው፣ ሰኞ ብቅ በይ አለኝ። አምስት ሰኞ ብቅ አልኩ። በአምስተኛው ሰኞ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር «ዛሬም አንቺ ነሽ?» አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ ሌላው ሰው እንዴት ይከፍላል ብትሉ፣ ውጭ ዘመድ ባለው ሰው በኩል ነው። ዘመድየው እዚያ በካርዱ ይከፍላል፣ ብሩ እዚህ ለቤተሰቡ ይሰጣል። እኛ ውጭ ዘመድ የለንም። ጋሼ ግን ልጅ አላቸው። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ብቻ ነው የሚላቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ አባዬን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፣ የዕድራችንም ሰብሳቢ ናቸው። እናቴ የሞተች ዕለት ዝናብ እየደበደባቸው ድንኳኑን ቆመው ያስተከሉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቶች ልጆቻቸውን «እንደ እሷ ሁኑ» እያሉ የሚመክሩት በእሷ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ከአባዬ ጋር ቤታቸው ሄድን። አባዬ ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለልጅቷ ጉዳይ አስቸገርንዎት። ልጅዎ እዚያ ትክፈልላት፤ ብሩ ይኸው» አላቸው። ጋሼ ዝም አሉ። ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ዛሬ ሳስበው ያ ዝምታ የተሟላ መልስ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የትልቅ ሰው እርጋታ መሰለኝ። «ምን ችግር አለ፣ ይደረጋል» አሉና ፖስታውንም፣ ቁጥሮቼን የጻፍኩበትን ወረቀትም ተቀበሉን። እኔ ከደስታዬ ብዛት ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ «ጋሼን አገኘኋቸው፤ ጨርሳለች አሉኝ» አለኝ።

«ደረሰኙስ?» አልኩት። ሲከፈል አንድ ገጽ ወረቀት ይወጣል፤ ያ ወረቀት ለቃለ መጠይቁ መያዝ አለበት።

አባዬ ቆሞ ቀረ። «ደረሰኝ? ጋሼን? ከነጋዴ ጋር ነው እንዴ የተዋዋልነው? አንቺ ልጅ፣ ይህን ከአፍሽ እንዳልሰማ!»

እሱ ባይጠይቅ እኔ እጠይቃለሁ ብዬ ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ አቀረቡልኝ። ስለ ዝናቡ አወሩኝ፣ ስለ ዕድሩ አወሩኝ፣ ተማሪ ድሮ ቀረ አሉኝ። እኔ «ጋሼ…» ባልኩ ቁጥር «ብይ እንጂ ልጄ፣ ምነው ተውሽው?» ይሉኛል። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ከጭኮው ጋር ተመልሶ ይወርዳል። የስድሳ ልጆች ክፍል በአንድ ጩኸት ጸጥ የማሰኝ ሴት፣ «ደረሰኙን ያሳዩኝ» የምትል ሁለት ቃል አቃተችኝ። በልቼ፣ አመስግኜ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገራችሁ። ክፍያው መግባት አለመግባቱን ድረ ገጹ ላይ ራሴው ማየት እችል ነበር። ቁጥሬን መጻፍ፣ አንድ ቦታ መጫን፣ በቃ። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ ገጹን ከፈትኩት፣ ቁጥሩንም ጻፍኩ። ከዚያ ዘጋሁት። የጋሼን ኪስ የምፈትሽ መሰለኝ። ሽማግሌ «አልቋል» ብለው እኔ በኮምፒውተር እውነታቸውን ነው ወይ ብዬ ላጣራ? ነውር መሰለኝ። የማንንም ሞኝነት አይቼ ስቄ ይሆናል፣ እንደ ራሴ ያለ ሞኝ ግን አላየሁም።

ቀጠሮዬ ሐምሌ መጨረሻ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ሁለተኛውን ክፍያ ከፈልኩ፣ በማግስቱ ጠዋት ኤምባሲው ደጅ ተሰልፌ ገባሁ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሰውዬ ፊቱን ሳያነሳ ወረቀቶቼን አገላበጠ።

«የመመዝገቢያው ደረሰኝ የት አለ?»

«ተከፍሏል። ወረቀቱን አልያዝኩም እንጂ ከእናንተ ዘንድ ይታያል።»

መታ መታ አደረገ። «በዚህ ቁጥር የተከፈለ ነገር የለም።»

«ተከፍሏል እኮ! በትልቅ ሰው በኩል ነው የተከፈለው!»

ቀና ብሎ አየኝ። ትልቅ ሰው ማለት እሱ ዘንድ ምንም ማለት አይደለም። መከልከሌ የተጻፈባት አንዲት ብጣሽ ወረቀት በመስታወቱ ሥር ሰደደልኝ። ነገ ከፍዬ ልመለስ ስለው አዲስ ቀጠሮ ያዢ አለኝ፤ የቅርቡ ቀጠሮ ኅዳር ነው። ለአዲስ ቀጠሮ አዲስ ክፍያ ነው። የዛሬውስ ገንዘብ ስለው «አይመለስም» አለ፤ ይህቺን ቃል ግን ጥርት አድርጎ፣ በአማርኛ። ቃሏን ለብቻዋ አጥንቷታል ማለት ነው። የአንድ መኸር ስንዴ እኩሌታ ለግማሽ ደቂቃ «አይሆንም» ከፍዬ ወጣሁ።

ወደ አሰላ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩ ኢተያ ደረስን፣ እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር። አሰላ ስደርስ የተከራየሁት ባጃጅ ቀጥ ብሎ ጋሼ በር ላይ አወረደኝ። አባዬ በስልክ ሰምቶ ከኋላዬ እየሮጠ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ያኔ ነው አፌ የተከፈተው።

«ጋሼ፣ አልተከፈለም!» አልኩ ገና ከደጃፉ።

ጋሼ አልተከራከሩም። ተነሱ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፣ ፖስታውን አወጡ። አባዬ የሰጣቸው ፖስታ ነው፤ ልጥፉ እንኳ አልተነካም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ቁጭ አሉ።

«ልጄ ካርድ የላትም» አሉ። «ሥራ ከፈታች ቆየች፤ ሰው ቤት ተጠግታ ነው ያለችው። የመጣችሁ ዕለት ነገርኳት። አባቴ አልችልም አለችኝ።»

«የመጣን ዕለት? ታዲያ ጨርሳለች ለምን አሉን?»

«አባትሽ ፊት አፌ እምቢ አለኝ። ዛሬ ይቀናት ይሆናል፣ ነገ ይቀናት ይሆናል እያልኩ…» አሉና እጃቸውን አዩ።

ሌባ ቢሆኑ ምናለ! ሌባን እንዴት እንደሚጮሁበት አውቃለሁ። ብሩ አንዲት ሳትጎድል እፊቴ ተቀምጣለች፣ እኔ ግን ተዘርፌያለሁ። ይህ አልበቃ ብሎ አባዬ ጎንበስ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሼ ይቅር ይበሉን፣ አስጨነቅንዎት።» እኛ! እኛ ይቅር እንባል! ፖስታውን መንጭቄ ወጣሁ፣ ደህና ዋሉም አላልኩ። በመንገዴ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር በአእምሮዬ የሚመላለሰው። እዚያ «አይሆንም»ን በዶላር ይሸጡታል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በነጻ የሚሰጥ ሰው ጠፋ።

ለዩኒቨርሲቲው የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት። በጨዋ ቋንቋ አዝነናል አሉኝ፤ ቦታዬን ለተጠባባቂው ሰጡት። ደብዳቤው የደረሰኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስመዘግብ ነው። አንብቤ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና የሚቀጥለውን ልጅ ጠራሁ።

ከመስቀል በኋላ አንድ እሑድ ጋሼ ሽማግሌዎች ላኩብን። ሦስት ናቸው፣ እሳቸው ራሳቸው አራተኛ። በእኛ ሰፈር ሽምግልና የሚለውም ጃርሱማ የሚለውም ነገሩ አንድ ነው፤ ሽማግሌ ደጅህ ከቆመ እምቢ አይባልም። ወንበር ቢቀርብላቸው «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» አሉ። አንደኛው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ክፋት እንዳልነበረ፣ ብሩም እንደተመለሰ፣ ጋሼ በሐፍረት ዕድር መምጣት እንዳቆሙ ተናገሩ። «እንግዲህ ልጃችን፣ ስለ ፈጣሪ ብለሽ ይቅር በይ» አሉ።

አባዬ በዓይኑ ለመነኝ። ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ሁሉም ይቀመጣል።

«አይ» አልኩ። «ይቅር አላልኩም። አንድ ቀን እል ይሆናል። ዛሬ ብል ግን ውሸቴን ነው።»

«ኧረ ነውር ነው! ሽማግሌ ቆሞ?» አሉ አንደኛው። አባዬ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ጋሼ ከኋላ ወደ ፊት መጡ። «ተዉአት» አሉ። «እንዲህ ነው የሚባለው። እኔም እሷና አባቷ የመጡ ዕለት እንዲህ ማለት ነበረብኝ።» ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀድመዋቸው ወጡ።

ያን ዕለት እንዲህ ቢሉን አባዬ አንድ ሳምንት ይከፋው ነበር። እኔም አለቅስ ነበር። ከዚያ ሌላ ሰው እንፈልግ ነበር፤ ሁለት ወር ከምናምን ጊዜ ነበረን።